ጀልባዬን ምን ላልብሳት?

ጀልባዋን በ400 ዶላር ገዛኋት። የልብሷ ደረሰኝ ግን መኪናው ውስጥ፣ ስኮርታ ጎማው ሥር ነው ያለው። ባለቤቴ ጎማ መቀየር አትችልም ብዬ አይደለም፤ ከእኔ የተሻለ ትችላለች። ጎማ እስኪፈነዳ ድረስ ግን ሰላም ነን።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። መጀመሪያ እንደመጣሁ ዘጌ ላሉት አጎቴ ደውዬ «አሁን ቅዱስ ጳውሎስ ነው ያለሁት» ብላቸው ክው አሉ። «ምን አገኘህ ልጄ? አልጋ ያዝክ?» በዚሁ ስም የሚጠራው ሆስፒታል መስሏቸው ነው። ከተማ መሆኑን አስረድቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም። ስንሰነባበት እስከ ዛሬ «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል።

ሚኒሶታ «የ10 ሺህ ሐይቆች ምድር» ነኝ ትላለች፤ የመኪና ታርጋዋ ላይ ሳይቀር ጽፋዋለች። ትሕትና ነው። ከ10 ኤከር የማያንሱት ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ሐይቆች ናቸው። እኛ ሠርግ ላይ 300 ሰው መጥቶ 500 ነበር ብለን የምናወራ ሰዎች፣ 1,842 ሐይቅ ጥሎ የሚናገር ሕዝብ መሀል መኖር አስቸግሮን ነው የከረምነው። እንዲህ ባለ አገር ጀልባ የሌለው ሰው ዕቁብ እንደሌለው የመርካቶ ነጋዴ ነው። መኖሩን ይኖራል፤ በምን ተስፋ እንደሚኖር ግን አይታወቅም።

ጎረቤቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ፤ «ዩ» ስል ድምፄን ዝቅ፣ ትከሻዬን ሰበር አደርጋለሁ። አንድ የመስከረም ቅዳሜ አጥር ላይ ተደግፈው «ጉልበቴ እምቢ አለ። ጀልባዋን አንተ ውሰዳት» አሉኝ። አራት ሜትር ከሩብ ገደማ የምትረዝም፣ እነሱ 14 ጫማ የሚሏት፣ ሦስት አግዳሚ መቀመጫ ያላት የአሉሚኒየም ጀልባ ናት፤ ከነትንሽ ሞተሯና ከነተጎታቿ። ገንዘቡን ከተቀበሉኝ በኋላ እጄን እንደጨበጡ ቆዩና «ክረምት ሳይገባ ሸፍናት። ውታፏንም እንዳትረሳ» አሉኝ።

ስለ መሸፈኑ ሰማሁ። ስለ ውታፉም ሰምቻለሁ፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ አገር ክረምት የሚሉት፣ የእኛን ዓይነት ዘንቦ ዘንቦ አደይ አበባ አሳይቶ የሚወጣውን አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ ሐይቁ ራሱ በበረዶ ይከደናል፤ ሰው መኪና እየነዳ ይገባበታል፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ጎጆ አቁሞ፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምዳል። ሐይቅ እንኳ ለራሱ ክዳን በሚያበጅበት አገር ጀልባን ራቁቷን ደጅ ማሳደር ነውር ነው። ጋራዥ አስገባት እንዳትሉኝ። የእኛ ጋራዥ መኪና እንኳ ገብቶበት አያውቅም። የጤፍ ከረጢት፣ ወደ አገር ቤት ሰው ሲሄድ የሚሞሉ ሻንጣዎች፣ የማኅበር ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ለሁለት መቶ ሰው ዶሮ ወጥ የሚችል ድስት፤ ጀልባ በየት በኩል ይገባል?

ስለዚህ ደጅ ቀረች። ልብስ ያስፈልጋታል።

እኔ ደግሞ ላስቲክ የሚባለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አምነዋለሁ። አገራችን ውስጥ ላስቲክ የማይሸፍነው ምን አለ? የጉሊት ቲማቲም፣ የአይሱዙ ጭነት፣ መስታወት ያልገባለት መስኮት፣ የሻይ ቤት ጣሪያ። ከሕንፃ ዕቃ መደብር አንድ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ የብረት ቀለበት ያለው፣ በ18 ዶላር ገዛሁ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ፊቷ በራ። ያ ዋጋ የነገርኳት የመጨረሻው ዋጋ ነው።

በሲባጎ ጠፍሬ፣ ነፋስ እንዳያነሳው ደግሞ ውሃ የሞሉ ትንንሽ ጀሪካኖች ዙሪያውን አንጠለጠልኩ። ሥራዬን ራቅ ብዬ ሳየው ኮራሁ። ሞጣ የሚሄድ ጭነት መኪና ትመስል ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ነፋስ ተነሣ። ጀሪካኖቹ እየተወዛወዙ የአሉሚኒየሙን ጎን መደብደብ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ከበሮው ሞቀ። ተነሥቼ እንዳልፈታቸው ብርዱ፣ ተኝቼ እንዳላድር ድብደባው፣ እስኪነጋ ማኅሌት ቆምኩ። ጠዋት ሽማግሌው በአጥሩ በኩል «ትናንት ማታ በዓል ነበራችሁ እንዴ?» አሉኝ። በዓላችን ብዙ መሆኑን ስለሚያውቁ የጠየቁት ከልባቸው ነው።

ነፋሱን ተከትሎ ዝናብ መጣ። ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ላስቲኩ በሁለት መቀመጫዎች መሀል ጎድጉዶ ኩሬ ሠርቷል። ኩሬ ስል ለማሳመር አይደለም። ዳሩ ላይ አንዲት ድንቢጥ ቆማ ትጠጣለች፤ መሀሉ ላይ የሜፕል ዛፍ ቅጠል ይንሳፈፋል፤ ላስቲኩ ከሥር ተወጥሮ እንደ ላም ጡት ተንዠርግጓል። ጣሳ አምጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ስቀዳ ስቀዳ ድካሙ ወደ ሂሳብ ወሰደኝ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ኩሬ 10 ሳንቲም ጥልቀት ካለው 100 ሊትር ይይዛል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። 100 ኪሎ ኩንታል ነው። ጀልባዬ አንድ ኩንታል ጤፍ በ18 ዶላር ላስቲክ ተሸክማ ነው ያደረችው!

የኩሬው ክፋት ከትንሽ መጀመሩ ነው። ሸራው አንድ ቦታ ላይ ጣት የምታህል ስርጉድ ካለችው ጥቂት ውሃ ይቆምበታል፤ የቆመው ውሃ ይከብድና ስርጉዱን ያጠልቀዋል፤ የጠለቀው ስርጉድ ተጨማሪ ውሃ ይጠራል። ዱቤ ነው በአጭሩ። ኅዳር ሲገባ ኩሬው በረዶ ሆነ፤ በረዶው ላይ ሌላ በረዶ ወረደ፤ የብረት ቀለበቶቹ ከላስቲኩ ጋር እየተዘነጠሉ አንድ በአንድ ተለያዩ። ስስ የበረዶ ብናኝ ሲያዩት ጥጥ ነው። ረጠብ ያለው ግን በአንድ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ እና ከዚያም በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለው 10 ሳንቲም ብቻ ቢቆለል በየካሬ ሜትሩ 30 ኪሎ አለ ማለት ነው፤ የእኔን ጀልባ ስፋት ካሰባችሁት ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ላስቲኩ ላይ ተኝተው ከረሙ።

መጋቢት ላይ ላስቲኩ ላስቲክ መሆኑን አቆመ። ስነካው እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተሰባበረ። ይህ ሰማያዊ ነገር ከስስ የፖሊኢትሊን ጥብጣብ ተሸምኖ በላዩ ሌላ ስስ ሽፋን የተለበጠበት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ረጃጅሞቹን የፕላስቲክ ሞለኪውሎች ይቆራርጣቸዋል፤ ተጣጣፊ የነበረው ነገር ወደ ፍርፋሪነት ይለወጣል። እኔ የምፈራው ዝናቡን ነበር፤ የገደለው ፀሐይ ነው። ሰማያዊው ፍርፋሪ ሣሩ ውስጥ ገብቶ እስከ ሰኔ ለቅሜ አልጨረስኩትም።

ገልጬ ከሥር ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ክረምቱን ያልተከፈተ የጠላ ጋን ሽታ። የመቀመጫ ትራሶቹ ጥቁር ሻጋታ ለብሰዋል። ከፊት በኩል አይጥ የነፍስ አድን ጃኬቱን ስፖንጅ ፈልፍላ፣ ከደረቅ ቅጠል ጋር ገምዳ፣ ልጆቿን አሳድጋ ጨርሳለች፤ ቤቷን ሳይ እውነት ለመናገር ከእኔ ሥራ የእሷ ይሻላል። አሉሚኒየም አይበሰብስም የምትል ካለህ፣ ልክ ነህ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ግን በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ጀልባ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶው በጥፍሬ ስወጋው እንደ ቂጣ ገባልኝ።

ግራ የገባኝ ላስቲኩ እስኪቀደድ ድረስ አንድ ጠብታ ውሃ አለማሳለፉ ነው። ታዲያ እርጥበቱ ከየት መጣ? ይህን ምስጢር የፈታችው ባለቤቴ ናት፤ ኩሽና ቆማ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

«ጠቅልለሃት ነዋ።»

«ከዝናብ እኮ ነው የጠቀለልኳት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ትኩስ እንጀራ በላስቲክ ጠቅልለህ ብታሳድረው ምን ይሆናል?»

ከሱቅ የምንገዛትን እንጀራ ታውቋታላችሁ፤ ገና ሳትበርድ ታሽጋ የላስቲኩ ውስጠኛ ፊት በላብ ጠብታ ተሸፍኖ የምትመጣውን። በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥብ ታወጣለች። ጀልባዬም እንዲሁ ናት። ለብሳ ስትተኛ ሥሯ ውስጥ የቀረ ውሃ ነበር፤ ከመሬቱም እርጥበት ይነሣል። ቀን ፀሐይ ስታሞቀው ውሃው ተንኖ ይወጣል፤ መውጫ የለውም። ማታ ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ላስቲኩ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ከልክሎ፣ ከሥር የራሱን ዝናብ ያዘንብ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጨርቅ ማጥናት የጀመርኩት። ከሰው ጋር ሳወራ ዓይኔ የሚያርፈው ኮቱ ላይ ሆነ።

የሸራ ነጋዴዎች «600 ዲኒየር»፣ «1200 ዲኒየር» እያሉ ይጽፋሉ። እኔ የጥይት መጠን ነገር መስሎኝ ነበር። ዲኒየር ማለት 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር በግራም ሲመዘን ነው። 600 ዲኒየር የተባለው ክር 9,000 ሜትሩ 600 ግራም ይመዝናል። ይህን ስሰማ ሸማኔ የነበሩት የሰፈራችን አዛውንት ትዝ አሉኝ፤ ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ይቺ ለነጠላ፣ ይቺ ለጋቢ» የሚሉት። ዲኒየሩ ጣታቸው ላይ ነበር። ነገር ግን ዲኒየር የክር ክብደት ነው እንጂ የዕድሜ ዋስትና አይደለም፤ ወፍራም ጋቢም ፀሐይ ላይ ከከረመ ይበጣጠሳል።

ከጨርቆቹ ፖሊስተር የሚባለው ጠንካራ ነው፤ መፈተግ ይችላል፣ ሲረጥብ ብዙም አይለጠጥም፣ ዋጋው ከመካከለኛ ሰው ጋር ይስማማል። ውሃ የሚመልሰው ግን ጀርባው ላይ በተለበጠው ሽፋን ስለሆነ፣ ሽፋኑ ሲያረጅ ወንፊት ይሆናል። ቪኒል የተለበጠው ከባዱ ሸራ ውሃ ፈጽሞ አያሳልፍም፤ አየርም አያሳልፍም፤ እንጀራዬን አስታወሰኝና አለፍኩት። የጥንቱ የጥጥ ሸራ ደግሞ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ሽመናውን ይደፍናል፤ ግሩም ተንኮል ነው፤ ሳይደርቅ ከታጠፈ ግን ይበሰብሳል። ጭነት መኪና ላይ ያደገ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ይኸው ሸራ የምንለው ቃል ራሱ፣ ዓረቦች የመርከብን ነፋስ መያዣ ጨርቅ ሽራዕ ከሚሉት ጋር ሥጋ ዘመድ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ቃሉ ከባሕር ተነሥቶ፣ ቲማቲም ሸፍኖ፣ ጫማ ሆኖ፣ ሚኒሶታ ላይ ወደ ጀልባው ተመለሰ ማለት ነው።

ልቤ የቀረው ግን አክሪሊኩ ጋ ነው። ይህ ጨርቅ ክሩ ተፈትሎ ካለቀ በኋላ ቀለም ውስጥ አይነከርም፤ ክር ከመሆኑ በፊት፣ ገና ሟምቶ ፈሳሽ እያለ ቀለሙ ይቀላቀልበታል። ልዩነቱ የፖምና የቀይ ሥር ልዩነት ነው። ፖም ልጣጩ ቀይ ነው፣ ሲገምጡት ነጭ። ቀይ ሥር ግን እስከ እምብርቱ ያው ነው፤ ጣትህም አይቀርልህም። ስለዚህ ፀሐይ ቶሎ አታነጣውም። ይተነፍሳል፣ አይበሰብስም። ሰንብሬላ የሚባለው ስመ ጥሩ ዓይነት ከፈረንጆቹ 1961 ጀምሮ ለመደብር ዳስ እየተሸጠ ነው ወደ ጀልባ የገባው። እንከን አለው፤ ጠርዝ ላይ ከተፈተገ ይሳሳል፣ ውሃ የሚያንሸራትተው ቅባቱም በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ሌላ ማንም ያልነገረኝ፣ አንድ ሸራ ሰፊ ብቻ የሹክሹክታ ያህል የነገረኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ክሩ ነው። ጨርቁ ገና ጎረምሳ ሳለ ስፌቱን ፀሐይ በልታው ይተረተራል።

ይህን ሁሉ እውቀት ይዤ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አጎቴ በልጅነታቸው ከዘጌ ባሕር ዳር ማገዶ በታንኳ የሚያመላልሱ ሰው ስለነበሩ፣ በቤተሰባችን የባሕር ኃይል ማለት እሳቸው ናቸው።

«አጎቴ፣ ጀልባ ገዝቻለሁ።»

«ታንኳ?»

«አይ፣ ብረት ነገር ናት።»

«ብረት ከሆነች ምን ትሆናለች ብለህ! አትበሰብስ፣ አትበላ።»

«እሱማ... አሁን ልብስ ልገዛላት ነበር።»

ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል መጡ።

«ለጀልባዋ?»

«አዎ።»

«እግዜር ይማርህ።»

አልፈርድባቸውም። ታንኳ ልብስ ለብሳ አታውቅም። ከደንገል የምትሠራ፣ ውሃ እየጠጣች የምትከብድ ፍጥረት ናት፤ ሥራ ውላ ስትመለስ ከውሃ ይጎትቷትና አቁመው፣ አስደግፈው፣ ውሃዋ እንዲንጠፈጠፍ ለፀሐይ ይሰጧታል። ዕድሜዋ ጥቂት ወራት ነው፤ ስታረጅ ሌላ ይታሰራል፤ ደንገሉ እዚያው ዳር ይበቅላል። ሚኒሶታ ላይ አሉሚኒየም አይበቅልም። ቢሆንም አስተውሉ፤ የታንኳ ሰዎች የሚጠነቀቁት ከላይ ለሚመጣው አይደለም። ውስጧ ለቀረው ነው።

ችግሬን በደንብ ሳስረዳቸው፣ ኩሬውን፣ ኩንታሉን፣ ድንቢጧን ስነግራቸው፣ አጎቴ ጨርቁን ጥለው ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ሣር ቤት ለምን አያፈስም?»

«ሣሩ ወፍራም ስለሆነ?»

«ሣር ውሃ ያቆማል እንዴ? ቁልቁል ስለሆነ ነዋ! ውሃው ልግባ አልግባ ብሎ ሳያስብ መሬት ይደርሳል። አንተ ጣሪያውን አጋድመህ ለሣሩ ጥራት ትጨነቃለህ። ምሰሶ አቁምላት።»

እኔ ስድስት ወር ጨርቅ ሳጠና፣ መልሱ ያለው ተወልጄ ያደግኩበት ጎጆ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ከመሀል መስመሯ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ አንድ እንጨት ዘረጋሁ፤ በሦስት ቋሚ ደገፍኩት፤ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ እየለመጥኩ እንደ ወጋግራ ግራና ቀኝ አወረድኩ። ሽማግሌው በአጥሩ በኩል ቡናቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና እንጨቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ይህ በመዳብ መድኃኒት የተነከረው ዓይነት እንዳይሆን፤ መዳብ አሉሚኒየም ይበላል» አሉኝ። ነበር። ለውጬ መጣሁ።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ። ልብስ ሰፊ እንኳ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ እኔ አንድ ጊዜ ለካሁ፤ ያውም በአፍንጫዋ ጠርዝ ላይ ጥምዝ ጥምዙን ተከትዬ። ለካስ ርዝመት የሚለካው ከአፍንጫ እስከ ኋላ ግድግዳ፣ መሀል ለመሀል፣ በአየር ላይ በቀጥታ ነው፤ ወርዱ ደግሞ በጣም በምትሰፋበት ላይ። የመጣልኝ ሸራ የአባቱን ካፖርት የለበሰ ሕፃን አስመሰላት። ሰፊ ሸራ ይሻላል ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ የላላ ጨርቅ በነፋስ ሲርገበገብ ራሱን በራሱ ፈትጎ ይጨርሳል፤ የላላበትም ቦታ ኩሬ ይሆናል። መለስኩት። የመመለሻውን ማጓጓዣ እኔ ከፈልኩ። ይህም ደረሰኝ ስኮርታው ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በፍጥነት ላሳልፈው። ሸራ ሰፊው ጋ ሄድኩ፤ አክሪሊክ፣ በልኳ፣ ሁለት የአየር መተንፈሻ ያለው፣ ፀሐይ በማይበላው ክር የተሰፋ። ዋጋውን ሲነግረኝ «ለጀልባዋ ነው ለቤቱ?» ብዬ ጠየቅሁት። የጀልባዋን ዋጋ ይበልጣል። በምን ያህል እንደሚበልጥ ለመጻፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ላይ ሆኜ ስፈርድ፣ አጎቴ ያቆሙልኝ ምሰሶ ካለ ደኅና 600 ዲኒየር ፖሊስተር፣ በትክክለኛ ልክ፣ ከ150 ዶላር ባልበለጠ ይበቃኝ ነበር። ጥሩ ተዳፋት ላይ የተወጠረ መካከለኛ ጨርቅ፣ ሜዳ ላይ የተኛ ምርጥ ጨርቅን ያስንቀዋል። ይህን የማውቀው ግን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

የመጨረሻዋ ጥንቃቄ ካልሲ ናት። ሸራን ከነፋስ ይልቅ የሚቀደው ሹል ማዕዘን ነው፤ የመቅዘፊያው መያዣ፣ የገመድ ማሰሪያው ብረት፣ የኋላው ጥግ። እያንዳንዱን ሹል ነገር ጓደኛው የጠፋበት ነጠላ ካልሲ አለበስኩት። ልብስ ማጠቢያው ጥንዱን የበላበት የዓመታት ካልሲ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ሸራውን በጀሪካን ሳይሆን በጠፍር፣ ከሆዷ ሥር አዙሬ ከተጎታቹ ጋር አሰርኩ። አፍንጫዋን ከፍ አደረግኩ፤ የገባ ውሃ ካለ ወደ ኋላ እንዲወርድ። ከኋላ በታች ያለውን ውታፍ ነቀልኩ። ይቺ አውራ ጣት የምታህል የጎማ ውታፍ ናት፤ ካልተነቀለች የገባው ሁሉ ውስጧ ይቀመጣል። እንዳትጠፋ ብዬ ሸራው የራሱ ማስቀመጫ ከረጢት ነበረውና፣ የከረጢቱ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። በጣም አስተዋይ ሰው ነኝ አልኩ ለራሴ።

ክረምቱ መጣ፤ በረዶው ወረደ፤ ከሸራው ላይ እንደ ሣር ቤት ጣሪያ ተንሸራቶ ወደቀ። ሌሎች ጀልባዎቻቸውን በነጭ ላስቲክ አስገንዘው፣ በእሳት አጥብቀውት፣ ግቢ ሙሉ ሬሳ ደርድረው ሲያሳድሩ፣ የእኔዋ የጥምቀት ታቦት ማደሪያ ድንኳን መስላ ከረመች። መንገደኛ ቆም እያለ ያያት ነበር። ሚያዝያ ላይ ስገልጣት ሽታ የለ፣ ሻጋታ የለ፣ አይጥ የለ። የበሰበሰውን የተካሁበት አዲሱ ኮምፔንሳቶ ደረቅ ነው። ባለቤቴ እንኳ እጇን አስገብታ ዳበሰችና «ይኸው፣ በርዳ ነው የተሸፈነችው» አለች።

ሚኒሶታ ውስጥ ዋላይ የሚባለው ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀደው በግንቦት በአንድ ቅዳሜ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ከፈረንጆች የእናቶች ቀን ዋዜማ ጋር ይገጥማል። ለባለቤቴ «የእናቶች ቀን ስጦታሽ ሐይቅ ላይ ነው» አልኳት። ያየችኝን አስተያየት አልጽፈውም። ሽማግሌውንም ይዘናቸው ሄድን። ጀልባ ስትጎተት ውታፏ ተነቅሎ መሄድ እዚህ ሕግ ነው፤ ዜብራ መስል የምትባል ጥፍር የምታህል ባለቅርፊት ፍጥረት በጀልባ ሆድ ውሃ ተሳፍራ ከሐይቅ ሐይቅ እንዳትዛመት። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ወዲያው ነው የገባቸው፤ «እምቦጭ አለባቸው በለኛ» ብለው ጣናን አስበው ተከዙ።

ወደቡ ላይ ሃያ መኪና ከኋላችን ተሰልፏል። ተጎታቹን ወደ ኋላ ነድቼ ጀልባዋን ውሃ ላይ አሳረፍኳት። ተንሳፈፈች። ባለቤቴ ገባች፣ ትራሷ ላይ ተደላደለች፣ ከቴርሞሱ ቡና ቀዳች። እኔ መኪናውን አቁሜ ስመለስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች።

«አንተ፣ ይህች ጀልባ ታፈሳለች?»

ያን ጊዜ ነው ከረጢቱ የታወሰኝ። ከረጢቱ ያለው ሸራው ጋ ነው። ሸራው በክብር ታጥፎ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ዶሮ ወጥ ድስቱ ላይ ተቀምጧል። ከነጫማዬ ውሃ ውስጥ ገባሁና ተንበርክኬ ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፈንኩ። ቀና ብዬ ሳይ ሃያ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል።

ሽማግሌው በዱላቸው እየተደገፉ የእንጨቱን መተላለፊያ ይዘው ቀስ ብለው መጡ። ከኪሳቸው የቤታቸውን ቁልፍ አወጡ። ከቁልፎቹ መሀል፣ ቀለበቱ ላይ፣ አንዲት ያረጀች የጎማ ውታፍ ተንጠልጥላለች። እየፈቱ ሰጡኝና፣

«ያን ቀን ስለ ሸራው ብቻ እንደሰማህ አውቄ ነበር» አሉኝ።